50 ሣጥን አፈር

ከ9 ዓመት በኋላ ደሴ ገብቼ፣ ፒያሳ ቡና ይዘን ስንጫወት አብሮ አደጎቼ «ፈረንጅን ምን ያስፈራዋል?» አሉኝ። ለመሰደድ የቆረጠው የእህቴ ልጅ ቀበል አድርጎ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ የምለማመድበት አስፈሪ ልቦለድ ይላኩልኝ» አለ። አንዱን አንብቤ ቅር እንዳለኝ ብነግረው አላመነኝም።

መጽሐፉ ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው፣ ድራኩላ ስለሚባል ደም መጣጭ የሚተርከው «ድራኩላ» ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ሌሊት ብቻህን እንዳታነበው» ብላ ሰጠችኝ። እንግሊዝ አገር ብቻዬን ያልሆንኩበት ሌሊት ስለሌለ አነበብኩት። ገና ሲጀምር አንድ እንግዳ ወደ ድራኩላ ግንብ በጨለማ ተራራ ይወጣል፤ ተኩላ ይጮኻል። በክረምት ጉም የሐረጎን ዳገት ሲውጠው ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና የወጣ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የጅብ ድምፅ እየሰማ የተኛ ልጅ በዚህ አይደነግጥም። ድራኩላን የሚከላከሉበትን ነጭ ሽንኩርትም ቢሆን አያቴ ለቡዳ ትይዘው ነበር።

ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ድራኩላ ወደ ለንደን ሊሄድ ተዘጋጅቷል። እንግዳውን አስቀምጦ አነጋገሬን አርምልኝ ይለዋል፤ ሰዎች ሲሰሙት ባዕድ መሆኑን እንዳያውቁበት። መጽሐፉን ከደንኩት።

በመጀመሪያው ክረምቴ፣ በሥራ ስብሰባ ላይ ረቡዕን «ዌድነስዴይ» ብዬ ጠራሁ። እኛ የተጻፈ ፊደል ሁሉ ይነበባል ብለን ያደግን ነን፤ እነርሱ ጽፈው ይውጡታል። አለቃው ቃሌን በእኔው ድምፅ ደገመው፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ «ከማክሰኞ ማግስት» እል ነበር። ያ ቀን ዛሬም ፊቴን ያቃጥለዋል።

ስለዚህ ደራሲው ይህን ነገር ወዴት ያደርሰው ይሆን ብዬ በጉጉት ቀጠልኩ። የትም አላደረሰውም። መጽሐፉ የተሠራው ከማስታወሻና ከደብዳቤ ነው፤ አሳዳጆቹ ሁሉ ይጽፋሉ፣ የድራኩላ ማስታወሻ ግን የለም። ለንደን ከገባ በኋላ ጥላ ብቻ ሆነ። ያለ አገሩ አፈር ማረፍ ስለማይችል 50 ሣጥን አፈር ይዞ ተሰደደ፤ 49ኙን እያሳደዱ አበላሹበት፤ በመጨረሻው ሣጥን ወደ አገሩ ሲሸሽ ግንቡ አጠገብ ሲደርስ በጩቤ ገደሉት። ደም መጣጭ መሆኑን አልክድም፤ መሞቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን በሰው አገር አፍን ከፍቶ መታወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የጀመረልኝ ደራሲ፣ ቀሪውን በሩጫና በስብሰባ ሞላብኝ።

አንተ ልጅ፣ መጽሐፉን እልክልሃለሁ። ግን እንግሊዝኛን ከወረቀት ብቻ አትማር፤ በጆሮህ ተማር። መሳቃቸው አይቀርም። ሲስቁ እንደኔ ዝም አትበል፤ እዚያው «እንዴት ነው የሚባለው?» ብለህ ጠይቅ። እኔን ሁለት ዓመት የጎዳኝ ሳቁ ሳይሆን ዝምታዬ ነው።

ይህን ስነግረው «ታዲያ ረቡዕን እንዴት ነው የሚሉት?» አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዌንዝዴይ» አልኩ። ደገመው። አብሮ አደጎቼም እየተቀባበሉ ደገሙት፤ ቡናችን ቀዘቀዘ።