የማደሪያ አድራሻ፦ ጀልባ

በሰሜን ኔዘርላንድስ፣ በፍሪስላንድ፣ ሐይቅ ከሐይቅ በቦይ የተያያዘበት ሰፊ አገር አለ። ከስኔክ ተነስቶ በቫውድሴንድ፣ በስሎተንና በሌመር በኩል እያሉ ባሕር ሳይነኩ ሳምንት ሙሉ በሸራ መጓዝ ይቻላል። እኔ ከምኖርበት ከኡትረክት እስከ ሌዋርደን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ሆኖም ከማውቃቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ወዳጅ ዘመድ ሰብስቦ እዚያ ሸራ የዘረጋ ሰው አላገኘሁም። ጉዞውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበታለሁም። ስለ ነፋስ፣ ስለ ገመድና ስለ ድልድይ የሚያስጠነቅቅ ሰው ሞልቷል። ከአዲስ አበባ እንግዳ ጠርቶ ጀልባ ላይ ለማሳደር የሚያስብ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ግን ማንም አልነገረኝም።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ርዝመቱ ከ15 ሜትር ለሚያንስና በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ለማይፈጥን የመዝናኛ ጀልባ እዚህ አገር መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ ሁሉም የሚመክረው ሁለት ሦስት ትናንሽ ጀልባዎች ተከራይታችሁ ራሳችሁ እንድትነዱ ነው። አልስማማም። ፈቃድ ስላልተጠየቀ ችሎታ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በልዕልት ማርክሪት ቦይ የሚመላለሰው የጭነት መርከብ ጀማሪ መሆናችሁን አይቶ አይቆምም፤ ልቁም ቢልም በአጭር ርቀት አይችልም። ከእኛ ቡድን ደግሞ ግማሹ ዋና አይችልም። ስለዚህ ካፒቴንና ረዳት ያለው አንድ ትልቅ አሮጌ የሸራ ጀልባ ያዝን። እነዚህ ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባዎች ድሮ በአብዛኛው ለማገዶ የሚሆን የደረቀ ረግረግ አፈርና የእርሻ ምርት ያመላልሱ ነበር። ዛሬ የጭነቱ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ገብቶበት ለቡድን ይከራያል። ገንዘቡን በዕቁብ መልክ በየወሩ ሰበሰብኩ። በአንድ ጊዜ ቢጠየቅ ማንም አይከፍልም ነበር።

ቀኑን የወሰነልን ጾሙ ነው። ዋጋ ሰማይ የሚነካበት የፈረንጆቹ ኦገስት ከ7 እስከ 21 ለእኛ ፍልሰታ ነው። ሁለት ምድጃ ብቻ ባላት ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ የጾመኛና የፍስክ ድስት ለይቶ መሥራት የጠብ መነሻ ነው። ጉዞውን ወደ ሴፕቴምበር አሻገርነው። ዋጋው ወረደ፣ ትምህርት ቤት ስለተከፈተ ሐይቁም ጋብ አለ፣ እንቁጣጣሽም መሐል ላይ ወደቀች። አክስቴን ከአዲስ አበባ ለመጥራት የወሰንኩትም ያን ጊዜ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው፤ እንቁጣጣሽን አብረን ካከበርን ዘመናት አልፈዋል።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ ነው።

ለአክስቴ ቪዛ የሚያስፈልገውን ወረቀት በሥርዓቱ አዘጋጀሁ። የዋስትናውን ቅጽ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ፊርማዬን አስረጋገጥኩ። 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ገዛሁ። የእርሳቸውን የጡረታ ማስረጃና የቤት ካርታ አያያዝኩ። መመሪያው ተጓዡ ሌሊቶቹን የት እንደሚያድር እንዲያሳይ ይጠይቃል። መመሪያውን አምኜ ሁሉንም ሌሊት ዘረዘርኩ፦ መጀመሪያ የእኔ ቤት፣ ከዚያ ጀልባ፣ በመጨረሻ እንደገና የእኔ ቤት። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አይታየኝም ነበር።

አክስቴ ማመልከቻ መቀበያው መስኮት ላይ የገጠማቸውን በስልክ ነገሩኝ። ጸሐፊዋ «የት ነው የሚያድሩት?» አለቻቸው። «ልጄ ቤት፤ ከዚያ ደግሞ ጀልባ ላይ።» «የጀልባው አድራሻ?» «ጀልባ አድራሻ አለው እንዴ ልጄ?» «የሚቆምበት ቦታስ?» «እሱን ነፋሱ ያውቃል ብሎኛል።» ይህን ያልኩት በርግጥ እኔ ነኝ፤ ለቀልድ ነበር። ጸሐፊዋ የሆቴል ማስያዣ እንዳላቸው ጠየቀች። የለም አሉ። እሷም የሆነ ነገር ጻፈች።

መልሱ እምቢታ ሆኖ መጣ። እምቢታ የሚሰጠው አስቀድሞ በታተመ ቅጽ ላይ ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ነው። የእኛ ምልክት የጉዞው ዓላማና የቆይታው ሁኔታ በበቂ አልተብራራም በሚለው ላይ አረፈ። ስም የለው፣ ስልክ የለው፣ ምኑ እንደጎደለ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር የለው። አክስቴ ወረቀቱን አስነብበው ሲጨርሱ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ ቀበሌ ኖሬ ዛሬ ማደሪያ የሌላት ተባልኩ» አሉኝ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው። እስከ ዛሬ ያንን ድምፅ ሳስታውስ ደሜ ይፈላል።

ወደ ቪዛ የመረጃ መስመር ደወልኩ። አንዱ ሠራተኛ «ማንኛውም የማደሪያ ማስረጃ ይበቃል» አለኝ። በኢሜይል የጠየቅሁት ሌላው ደግሞ የሆቴል ማስያዣ ብቻ እንደሚሻል ጻፈልኝ። ሁለቱም ለአንድ ተቋም ይሠራሉ። ከዚያ ደግሞ ወዳጆቼ መጡ። «ሆቴል ያዝና ቪዛው ሲወጣ ሰርዘው፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አሉኝ። ሁሉም እንደሚያደርገው አውቃለሁ። እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የድንበር ፖሊሱ «የት ነው የሚያርፉት?» ሲል ውሸቱን የሚሸከሙት እርሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ተማሪ ኮርጆ ስላገኙ ወላጅ የሚያስጠሩ የነበሩ ሴት መስኮት ላይ ቆመው ያልያዙትን ሆቴል ስም እንዲጠሩ አላደርግም።

ኦፊሴላዊው መንገድ በአራት ሳምንት ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ነው። ወረቀቱም ይህንኑ ይመክራል። ጊዜ ካላችሁ አቅርቡ። የጉዞ ቀን የተቆረጠለት ሰው ግን ወራት ሊወስድ የሚችል ቅሬታ ምን ይሠራለታል? እኔ የምመክረው የጎደለውን አሟልቶ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የአዋቂ ሰው የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ እምቢ ሲሉም አይመልሱም። እንደገና ከፈልን። የመቀበያው የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ በላዩ አለ። ቀጠሮ ለማግኘት የተጠበቀው ጊዜ ከሁሉም ይብሳል፤ አክስቴ የጎረቤት ልጅ ኮምፒውተር ፊት እያስቀመጡ ጠዋት ማታ ክፍት ቦታ ያስፈልጉ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከካፒቴኑ ነው። ነገሩን ስነግረው ግራ ገብቶት አየኝ። «ጀልባዬ እኮ ከአንተ ቤት የበለጠ ወረቀት አላት» አለ። እውነቱን ነው። የትውልድ ወደቧ ከኋላዋ በትልቁ ተጽፏል። ስምንት አሃዝ ያለው የአውሮፓ መለያ ቁጥር አላት። ከ12 በላይ መንገደኛ ለመጫን የሚያስፈልገው የምስክር ወረቀትም አላት። ካፒቴኑ ይህን ሁሉ ጠቅሶ፣ የምንሳፈርበትን ወደብ ሙሉ አድራሻ፣ የመንገደኞቹን ስም ዝርዝርና በየሌሊቱ ልንቆምበት ያሰብነውን ወደብ ጨምሮ ደብዳቤ ጻፈልን። እኔ ደግሞ በአዲሱ ማመልከቻ ላይ የማደሪያ አድራሻ በሚለው ቦታ የእኔን ቤት ብቻ አስገባሁ። የጀልባውን ጉዞ ከቤቴ ተነስተን ወደ ቤቴ የምንመለስበት የቤተሰብ ሽርሽር አድርጌ በግማሽ ገጽ አብራራሁ። አንድም ሐሰት የለበትም፤ አልጋቸው ሳምንቱን ሙሉ ተነጥፎ ይጠብቃቸው ነበር። የመጀመሪያውን እምቢታም ጠቀስኩ። አንዳንዱ ደብቁት ይላል፤ በሸንገን አገሮች የጋራ መዝገብ ውስጥ እስከ አምስት ዓመት የሚቀመጥን ነገር መደበቅ ከንቱ ነው።

ቪዛው ወጣ። የወጣው ግን እኛ ከስኔክ ሸራ ከዘረጋን በኋላ ነበር። የአውሮፕላን ትኬቱ ዋጋ በመካከሉ ምን ያህል እንደወጣ ባልናገር ይሻላል፤ የዘገየበትን ምክንያትም ሆነ ይቅርታ የጻፈልን የለም። ካፒቴኑ መንገዱን ወደ ስታቮረን አዞረልን። የባቡር ጣቢያው ከወደቡ አጠገብ ስለሆነ ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። የአጎቴ ልጅ በዚህ የተነሳ የጓጓለት ሐይቅ ቀረ ብሎ አኮረፈ። ይኩረፍ። የቡድን ጉዞ ስታሰናዱ ባቡር የሚገባባቸውን ወደቦች አስቀድማችሁ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ የሚዘገይ ሰው አይጠፋም።

የድንበር ፖሊሱ እንደጠበቅሁት ጠይቋቸው ነበር። የካፒቴኑን ደብዳቤ ሰጡት፣ አነበበ፣ ማኅተሙን መታ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ደስ የሚል ነው። ድልድይ ላይ ሁለት ቀይ መብራት አንዱ ባንዱ ላይ ሲበራ አገልግሎት የለም ማለት ነው፤ ቀይና አረንጓዴ አብረው ሲበሩ ሊከፈት ነው። አንዳንዱ ድልድይ በምሳ ሰዓት ይዘጋል፤ ተቆጥታችሁ ምንም አታመጡም፤ ቡና አፍሉ። አንድ መንደር ላይ የድልድዩ ጠባቂ የእንጨት ጫማ በገመድ አንጠልጥሎ ክፍያውን ሲጠይቅ፣ አክስቴ «ይህ ደግሞ የማን ምጽዋት ነው?» ብለው ከሁላችንም ቀድመው ሳንቲም ጨመሩ። ከከተማ ውጭ በሐይቆቹ ዳር እስከ ሦስት ቀን በነጻ የሚታሰርባቸው መቆሚያዎች አሉ፤ ውኃና መብራት ግን የላቸውም፤ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ጋኑን ሙሉ። የመጸዳጃ ፍሳሽን ወደ ውኃ መልቀቅ ክልክል ስለሆነ ማጠራቀሚያው የሚራገፍበትን ወደብ ካፒቴኑን ጠይቁት። እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፍሪስላንድ ውስጥ ፍለጋ አትግቡ።

እንግዳ ከአገር ቤት የምትጠሩ ከሆነ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን አስገቡት። መመሪያው ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው ይበቃል የሚለውን አትስሙ። ጀልባ ስትይዙም ካፒቴኑ የመለያ ቁጥሩንና የወደቡን አድራሻ የያዘ ደብዳቤ እንደሚጽፍ አስቀድሞ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ፤ ቀብዱ ከዚያ በኋላ ይከፈል።