የታላቅ መኪና አምራች ስም ደረት ላይ ይዞ መሥራት

አንድ ሰው የት እንደምሠራ ጠይቆኝ የመኪናውን ስም ስነግረው ቅንድቡ ከፍ ይልና "አንተማ ያለፈልህ ነህ" ይለኛል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር፣ አጠገቤ የተቀመጡ የአባቴ ባልንጀራ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ለእናንተ ለሠራተኞቹ በስንት ነው የሚሰጧችሁ?" ብለው ጠይቀውኛል። ለሠራተኛ በቅናሽ የሚሰጥ መኪና የለም፤ እኔም እንደ ብዙው የከተማችን ነዋሪ ማለዳ ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ነው ሥራ የምገባው።

በዚህ ጽሑፍ ግን የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ አንብቦ ገምቶ ለሚጠይቀኝም አላረጋግጥም። የአንድ ታዋቂ የአውሮፓ መኪና አምራች ወኪል በሆነ ድርጅት ውስጥ፣ መሀል አዲስ አበባ፣ ደንበኛ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ተቀብዬ ችግሩን በጆብ ካርድ፣ ማለትም በሥራ ማዘዣ ወረቀት፣ ላይ ጽፌ ለመካኒኮች አስተላልፋለሁ። ሰርቪስ አድቫይዘር ይሉናል። ከዚያ በፊት እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ደሞዜን የሚከፍለኝ አምራቹ አለመሆኑ ነው። ደሞዙ የሚመጣው ከአስመጪው ነው፤ በብርና በአገር ቤት ስኬል። ሕጉ ግን ከፋብሪካው ይመጣል። ደንበኛው በሩን ከገባ በኋላ ምን ያህል ሊጠብቅ እንደሚገባ፣ ስንጨባበጥ ምን እንደምል፣ መኪናውን አብሬው ዞሬ ጭረት ካለ እያሳየሁ መመዝገብ እንዳለብኝ፣ የመቀበያው ጠረጴዛ ቀለም ምን እንደሚሆን ሁሉም በመመሪያ ተጽፎ ተልኳል። አልፎ አልፎ ደንበኛ መስሎ መጥቶ የሚፈትነን ሰው ይላካል፤ እሱ መሆኑን የምናውቀው ውጤቱ ከተላከልን በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ሁለት አለቃ አለው፦ አንደኛው በየወሩ መጨረሻ የሚያየው፣ ሁለተኛው ደግሞ ፈጽሞ የማያየውና በኮምፒውተር በኩል ብቻ የሚመልስለት።

ይህን ሥራ ከውጭ የሚመለከት ሰው ቀኑን ሙሉ ከውድ ሞተር ጋር የምንውል ይመስለዋል። እኔ ሳየው ግን የሥራው ትልቁ ክፍል ጽሕፈት ነው፤ በጽሑፍ ያልሰፈረ ጥገና በፋብሪካው ዓይን እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ይህ በተለይ በዋስትና ላይ ባለ መኪና ይታያል። ለተቀየረው ዕቃና ለመካኒኩ ጉልበት የሚከፍለው አምራቹ ነው፤ አምራቹ ደግሞ ሩቅ አገር ተቀምጦ ያላየውን ነገር የሚያምነው በሦስት ጥያቄ በኩል ብቻ ነው፦ ደንበኛው ምን አለ? ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? ምን ተደረገ? ከእነዚህ ጋር የኪሎሜትር ንባቡ፣ ፎቶግራፉና የሻንሲ ቁጥሩ ይላካሉ። የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ሲሆን፣ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታታ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። አንዱን አሳስቶ የጻፈ ሰው ጥያቄው በደቂቃ ውስጥ ይመለስበታል።

አንዲት እናት መኪናቸውን ይዘው መጡ። "ጠዋት ከሰፈር ስወጣ ኮብልስቶኑ ላይ ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ሲጥ ትላለች፤ አስፋልት ስትይዝ ዝም" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የችግር አገላለጽ ሰምቼ አላውቅም፤ ጊዜው፣ መንገዱና ድምፁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሉ። እኔ የተናገሩትን እንዳለ ጻፍኩት። መኪናዋ ሌሊቱን ግቢ ውስጥ አደረች፤ በማግስቱ ማለዳ ሞተሯ ሳይሞቅ አንድ ልምድ ያለው መካኒካችን ልደታ አካባቢ ባለ ኮብልስቶን ላይ ነዳት፣ ሊፍት ላይ አወጣት፣ በረጅም ብረት ገፋ አድርጎ አዳመጠ፣ ወዲያውኑም የታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም ብረቱን ከብረት የሚለየው ላስቲክ፣ መሰንጠቁን አሳየን። ሌላ ቦታ ቢሆን አጠቃላይ የፊት እግሩን አውርደው ግማሹን ይቀይሩት ነበር። ሰውየው ግን ካርዱ ላይ የጻፈው "ጎሚኒ ተበላሽቷል፣ ተቀይሯል" የሚል ብቻ ነበር። ፋብሪካው አልከፍልም አለ። የስንጥቁ ፎቶግራፍ የለም፣ ድምፁ በየትኛው ሁኔታ እንደተሰማ በምርመራው ላይ አልተገለጸም፣ የሙከራ ጉዞው አልተመዘገበም። ደግነቱ የወለቀው ዕቃ አልተጣለም ነበር። የዋስትና ዕቃ ስም፣ ቀንና ቁጥር ታስሮበት በሽቦ በታጠረ ክፍል ይቆለፍበታል፤ ፋብሪካው አምጡ ካለ ይላካል፣ አጥፉ ካለ ይጠፋል። ከዚያው አውጥተን ፎቶ አነሳነው፣ ጽሑፉን እንደገና አዘጋጀን፣ ተከፈለን። መካኒኩ ግን ቅር አለው። "እኔ ጆሮዬን ነው የማምነው፤ እነሱ ደግሞ ወረቀት" ያለኝ አይረሳኝም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሆኖም በዚህ ቤት ውስጥ ዕድገት የሚያገኘው ወረቀቱን የያዘው ነው፣ ይህም አንዳንዴ ያሳዝነኛል።

ጊዜውም የተለካ ነው። አንዳንድ የጀርመን አምራቾች አንዱን ሰዓት በ12 ይከፍሉታል፤ አምስት አምስት ደቂቃ መሆኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሥራም ስንት አምስት ደቂቃ እንደሚገባው አስቀድመው ወስነዋል። የጭስ ማውጫው ቡሎን ዝጎ ቢሰበርና ግማሽ ቀን ቢፈጅ የሚቆጠረው የተወሰነው ጊዜ ነው። ቡሎን ምን ያህል እንደሚጠብቅም እንዲሁ በኒውተን ሜትር፣ ማለትም በማጥበቂያ ኃይል መለኪያ፣ ተጽፏል፤ አንዳንዱ ቡሎን ሲጠብቅ እንዲለጠጥ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ አንዴ ከተፈታ ይጣላል። አዲሱን ቡሎን ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ስላለብን ባለመኪናው "ለአንድ ቡሎን?" ብሎ ይቆጣል፤ መለዋወጫ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ በዓይን የሚመስለው በርካሽ እንደሚገኝ ያውቃልና።

የፋብሪካው መጽሐፍ የማያውቃት ከተማ ግን አዲስ አበባ ናት። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምንኖር አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ቱርቦ ያለው ብዙውን ያካክሳል፤ ስለዚህ እንጦጦን ሲወጣ የደከመበት ደንበኛ መኪናው ተበላሽቶበት ላይሆን ይችላል፣ ይህንንም በትሕትና ማስረዳት የእኔ ሥራ ነው። ከዚህ የባሰው የናፍጣ መኪኖች የጥላሸት ማጣሪያ ጉዳይ ነው። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት የሚያቃጥለው ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ሲሆን፣ ለዚህም መኪናው ያለማቋረጥ ደህና በሆነ ፍጥነት ለተወሰነ ጊዜ መሄድ አለበት። ከሜክሲኮ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ካዛንቺስ እየቆመ የሚነዳ መኪና ይህን ዕድል አያገኝም። ማጣሪያው ይሞላል፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ራሱን ለመጠበቅ ኃይሉን ይቀንሳል።

በዚህ ምክንያት ከመካኒኮቻችን አንዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ የመንገድ ክፍያ ከፍሎ የአዳማን የፍጥነት መንገድ ይዞ ሄዶ ይመለሳል፤ መብራቱ ይጠፋል። በኮምፒውተር ትእዛዝ ቆሞ ማቃጠልም ይቻላል፤ መንገዱ ግን ለሞተሩም ለማጣሪያውም ይሻላል። አንድ ጋሼ ይህን ስነግራቸው "በዚህ ሁሉ ገንዘብ የገዛሁት መኪና ንጹሕ አየር ለመቀበል አዳማ መሄድ አለበት?" አሉኝ። ከምር ሳቅሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቢያወጧት መልካም እንደሆነ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ሰበብ አገኙና አሁን ቤተሰባቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቅዳሜ አዳማ ይውጡ የሚል ምክር ግን በፋብሪካው መመሪያ ውስጥ አላየሁም።

በዚህ ከተማ መኪና ማዕረግም ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩባት ቮልስዋገን እስከ ዛሬ የምትነሳው ለዚህ ይመስለኛል፤ ማንም ስለ ሞተሯ አይናገርም። ወርክሾፑም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ደንቡ ግን ሌላ ይላል። በቶዮታ ፋብሪካዎች በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የቆመ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ይስባል፤ ነገሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ሐሳቡ ከመኪናው በፊት የነበረ ነው፤ ሳኪቺ ቶዮዳ የሠራው የሽመና መሣሪያ ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆም ነበር። የእኛም አምራች በሥልጠናው ላይ በሌላ ቋንቋ ይህንኑ ይሰብካል፦ ከተጠራጠርክ መኪናውን አትልቀቅ።

አንድ ቀን ማምሻውን አንድ ወጣት መካኒክ የፍሬን ዘይት ቀይሮ ፔዳሉን ሲረግጠው ለሰስ አለው። አየር ሳይቀርበት አልቀረም፣ ነገ ጠዋት እንደገና ላስተንፍሰው አለ። መኪናው የአንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ ሹፌሩ በር ላይ ቆሟል፣ ስልክ ከላይ ተደወለ፣ "ይለቀቅ" ተባለ። ልጁ ካርዱ ላይ አልፈርምም አለ። ሌላ ሰው ፈረመ። መኪናው በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ እንደተባለው ፍሬኑ ውስጥ አየር ተገኘበት። ለልጁ የተሰጠው ትእዛዝ አለማክበር የሚል ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር፤ ማንም አላነሳለትም። ፋብሪካው ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው ካርዱ ላይ ፊርማ መኖሩን ነው። ጽሑፍን ይህን ያህል የሚያከብር ሥርዓት የሚታለለውም በጽሑፍ ነው።

ልጁ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዱባይ ሄደ። ጥሩ ጥሩዎቹ የሚሄዱት ወደዚያው ነው፤ ወይም ደግሞ ከጓደኛ ጋር ሆነው የራሳቸውን ጋራዥ ይከፍታሉ። የአምራቹ የሥልጠና የምስክር ወረቀት በውጭ አገር ዋጋ አለው፤ እዚህ ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ አልልም፤ ከተራ ጋራዥ የተሻለ፣ ከስሙ ግን እጅግ ያነሰ ነው።

ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ሥራው መልኩን እየለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመለዋወጫ ዋጋ ስናገር ደንበኛው ዝም ብሎ የሚያየኝ ጊዜ በዛ። ከተማዋ ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞላች፤ አብዛኞቹ የገቡት በወኪል በኩል አይደለም። ለምሳሌ እንደ ቮልስዋገን አይዲ 6 ያለው ሞዴል የተሠራው ለቻይና ገበያ ነው፤ የጀርመን ስም ይዞ ቦሌ ላይ ሲሄድ ባለቤቱ ከጀርመን ፋብሪካ ድጋፍ የሚያገኝ ይመስለዋል። የሌሎች አምራቾችም ዕጣ ተመሳሳይ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በኤል ፊደል ከጀመረ ቻይና የተሠራ ነው፤ የአውሮፓው የዲያግኖስቲክ ሥርዓት አንዳንዱን ጨርሶ አያውቀውም፣ የስክሪኑ ጽሑፍም በቻይንኛ ነው። "ይህ የእናንተ ምልክት አይደለም እንዴ?" እያሉ ፊት ለፊታችን ላይ የተሰቀለውን አርማ በጣታቸው ያሳዩናል። ምልክቱ የእኛ ነው፤ መኪናው ግን በመዝገባችን የለም።

ለመካኒኮቹ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያስተላልፍ ያልሠለጠነ ሰው አይነካውም፤ የሠለጠነውም ማለያያውን ነቅሎ፣ ቆይቶ፣ በመለኪያ ዜሮ መሆኑን አረጋግጦ፣ በላስቲክ ጓንት ነው የሚጀምረው። ካምቢዮና ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) በማውረድ ስም ያወጡ አንጋፋ መካኒኮች ዛሬ ከልጆቻቸው እኩያ ጋር ተቀምጠው የመብራት ንድፍ ማንበብ ይማራሉ። አንዳንዶቹ ፈጥነው ያዙት፤ አንዳንዶቹ ግን ጡረታቸውን ይቆጥራሉ።

ተግባረ እድን ወይም ሌላ የሙያ ኮሌጅ ጨርሰው እንዴት ልቀጠር የሚሉኝ ወጣቶች ስላሉ ፈተናው ምን እንደሚመስል ልናገር። ሞተር ፍታ አይባልም። የማይበራ የፊት መብራት ያለው መኪና፣ የሽቦ ንድፍና አንድ መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይሰጣችኋል። አምፖሉን ወዲያው ሊቀይር የሚሮጥ ብዙ ነው፤ ፈታኞቹ የሚፈልጉት ንድፉን ገልጦ ፊውዙ ላይ ቮልቴጅ አለ ወይ ብሎ የሚጀምረውን፣ የለካውንም በቅደም ተከተል የሚጽፈውን ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ ግድ ይላል፤ መናገሩ እምብዛም አያሳስባቸውም። ካለፋችሁ የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በእነዚያ ቀናት አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ስታወርዱ፣ ዘይት ስትቀይሩና የሌላ ሰው ጆብ ካርድ በንጹሕ ጽሑፍ ስትገለብጡ ትውላላችሁ።