ቤይሞር ላይ ትናንሾቹን ድንጋዮች እንዴት እንዳየሁ

ትክል ድንጋይ ሲባል ጢያ ለሚታወሰው ሰው ቤይሞር መጀመሪያ ላይ ግር ያሰኛል። ቦታው ሰሜን አየርላንድ፣ ታይሮን ውስጥ፣ የስፐሪን ተራሮች አካባቢ ነው። 7 ክብ፣ 10 ረድፍና 12 የድንጋይ ቁልል አለው፤ አብዛኛው ድንጋይ ግን ጉልበት እንኳ አይደርስም።

ስለዚህ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ የሰዓት ምርጫ ነው። ደመና ሲሆን ረድፎቹ ከሣሩ አይለዩም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ስንዝር የማትሞላ ድንጋይ ሳትቀር ረጅም ጥላ ትጥላለች፣ መስመሩም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አሠራሩ የገባኝ ያኔ ነው፦ ቁመት ያላቸው ጥቂት ድንጋዮች አጭር ረድፍ ይሠራሉ፣ ከጎናቸው የትናንሾቹ ረጅም ረድፍ ይሄዳል፣ ሁለቱም ወደ ቁልሉና ወደ ክቦቹ ያመራሉ።

ከዚያ ረድፉ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ ኮምፓስ ያዝኩ። ብዙዎቹ ረድፎች በግምት የሚያመለክቱት በሰኔ ፀሐይ የምትወጣበትን ሰሜን ምሥራቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በሰኔ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ሰሜን የምትርቀው 24 ዲግሪ ገደማ ሲሆን እዚያ ወደ 43 ይደርሳል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ። የፀሐይ መውጫ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሲንከራተት ያየ ሕዝብ ጫፉን በድንጋይ ቢያመለክት አይገርመኝም። ለመለካት ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ልንገር፦ ኮምፓስ የሚያሳየው የማግኔት ሰሜን ስለሆነ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ፊት ለፊት ኮረብታ ካለ ደግሞ ፀሐይ ዘግይታ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ሸሽታ ነው ብቅ የምትለው። አድማሱን ሳያዩ ዲግሪ ብቻ መዝግቦ መመለስ ዋጋ የለውም።

ድንጋዮቹን ለዘመናት የሸፈናቸው ለማገዶ የሚቆረጠው ጥቁር የረግረግ አፈር ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆቹ) ጆርጅ ባርኔት የተባለ የአካባቢው ሰው አገኛቸው፤ ከ1945 እስከ 1949 ተቆፈሩ። ከሥር የወጣው የጥንት የእርሻ አጥር ግንብ እኔን ከክቦቹ ይልቅ ያስደነቀኝ ነው፤ አንዳንዱ ረድፍ በፈረሰው ግንብ ላይ ያልፋል። ከድንጋዮቹ በፊት መሬቱ ይታረስ ነበር ማለት ነው።

ውስጡ ከ800 በላይ ትናንሽ ድንጋዮች የታጨቁበትን፣ «የዘንዶ ጥርስ» የሚሉትን ክብ ዙሪያውን ዞሮ ማየት ይሻላል። መሬቱ ውኃ ስለሚይዝ ቦት ጫማ አይቅር።