ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14

ሰሞኑን ሆድ ብሶኛል። አንዲት ሴት ናፍቃኛለች። መሳቢያ ሳገላብጥ የድሮ ስልኬን አገኘሁትና ቻርጅ ሰካሁት። የእሷን ፎቶዎች ልይ ብዬ ነው። ሲበራ ቀኑን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1፣ 1970 አለኝ። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከዚያች ቀን ጀምረው በሰከንድ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ለዚህ ቆጠራ የተሰጠው ቦታ 32 ቢት ነው፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚይዝ አንድ ቦታ ነው። አንዱ ቢት ለምልክት ይሄዳል፤ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጋቲቭ የሚለውን ይይዛል። 31 ይቀራል። በ31 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ዛሬ አንድ ፍሬ ጤፍ፣ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ አራት እያላችሁ እስከ 31ኛው ቀን ብታጠራቅሙ ድምሩ ልክ ይኼው ነው።

ደግሞ ፕራይም ነው። ከ1 እና ከራሱ በስተቀር የሚያካፍለው የለም። ይህን ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1772 ነው። ያኔ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር፣ ዓይኑም ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። እስከ 46,340 ያሉትን ፕራይሞች በሙሉ አልሞከረም። አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 መትረፍ እንዳለበት አወቀ። አብዛኛው በአንዴ ወደቀለት። የመጀመሪያው ተፈታኝ 311 ነው። እኔም 2,147,483,647ን በወረቀት ለ311 አካፈልኩት፣ 35 ተረፈ። ቀጣዩ 1,303 ነው፣ 226 ተረፈ። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ዓይኑ የደከመ ሰው፣ ምንም ለማይጠቅመው ነገር! እንዴት ደስ ይላል።

ቆጠራው የሚሞላበትን ቀን ሳሰላ ደግሞ ደነገጥኩ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19፣ 2038 ነው። ጥር 11 ቀን 2030፣ ማክሰኞ። ጥምቀት! በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጃንሜዳ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ጠበል ሊረጭ የሚጠባበቅበት ሰዓት። በሚቀጥለው ሰከንድ ያልታደሰ ማሽን ቁጥሩ ወደ ኔጋቲቭ ይገለበጥና ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ነው ይላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማለት ነው። አዳዲሶቹ 64 ቢት ስለሆኑ አያሰጋቸውም። የሚያሳስበኝ የሆነ ቦታ ተገጥሞ የተረሳው ነው።

32 ቢትን የመረጡት መሐንዲሶች ፕራይም ፈልገው አይደለም። ለቁጥሩ የቀረው 30 ቢት ቢሆን ኖሮ ትልቁ ቁጥር ለ3 ይካፈል ነበር። 32 ቢሆንም እንደዚያው። 31 ላይ ሲሆን ግን ኦይለር የለፋበት፣ ማንም የማይከፍለው ቁጥር ወጣ። የሰዓታችን ዳርቻ እሱ ላይ መውደቁ፣ ያውም በጥምቀት ጠዋት፣ እውነት ዝም ብሎ ግጥምጥሞሽ ነው?