የድምፅ ድሪቶ

«ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለች እናቴ።

ሰባት ደቂቃ ያህል ታግሣ ሰምታለች። ማስታወቂያ የሚያነብ ሰውዬ፣ ስልክ ደውሎ የሚቀባጥር ሌላ ሰውዬ፣ እንደ ተበላሸ ሬዲዮ የሚንጫጫ ነገር፣ ከዚያ እንደገና ያ ማስታወቂያ።

«ጀምሯል እኮ እማ፣ ይኸው ነው።»

«አይ፣ ስልክህ የተበላሸ መስሎኝ ነው» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ኔጋቲቭላንድ ይባላሉ። አሜሪካውያን ናቸው፣ የካሊፎርኒያ ልጆች። እ.ኤ.አ. በ1979 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሲጀምሩ አንዳንዶቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ። የሚሠሩትን ነገር ሳውንድ ኮላጅ ይሉታል፤ እኔ ድሪቶ ነው የምለው። ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥን፣ ከስብከት፣ ከማስታወቂያ፣ ከሰው ዘፈን ቁራጭ ቁራጭ እየቀደዱ ይጥፉታል። በ1980 ያወጡት የመጀመሪያ ሸክላ ሽፋኑ በእጅ የተሠራ ነው፣ እያንዳንዱ ለየብቻው። አንዱ አባል ዴቪድ ዊልስ ከሬዲዮ ዕቃ የገጣጠመው «ቡፐር» የሚባል ጩኸታም መሣሪያ አለው። ሙዚቀኛ ከምትሏቸው ይልቅ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ሲፈታቱ የሚያድሩ ጎረምሶች ብትሏቸው ይቀላል።

ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በክሱ ነው። በ1991 አንድ ነጠላ ሥራ አወጡ፤ ሽፋኑ ላይ «ዩቱ» የሚለው በትልቁ፣ የእነሱ ስም በትንሹ። ዩቱ የስለላ አውሮፕላንም ስም ስለሆነ አውሮፕላኑን ለጠፉበት። ውስጡ ግን ዩቱ የሚባለውን የአየርላንድ ባንድ ዘፈን እያሾፉ ቆራርጠውታል፤ በዚያ ላይ ኬሲ ኬሰም የሚባለው ዝነኛ የሬዲዮ አቅራቢ ፕሮግራሙን ሲቀርጽ ሲሳደብ የተቀዳውን፣ አየር ላይ ያልዋለውን፣ ጨምረውበታል። ሰውዬው የተናደደው ደስ ከሚል ሞቅ ያለ ዘፈን ቀጥሎ ስለ ሞተ ውሻ የተጻፈ የዘፈን ግብዣ እንዲያነብ ስላደረጉት ነው። ተናደደ ብቻ ሳይሆን ጦፈ! የዩቱ አሳታሚ ከሰሳቸው፣ ሥራው ከገበያ ተሰበሰበ፣ እነሱም ዕዳ ውስጥ ገቡ። ስለ ኮፒራይት ሲወራ እስከ ዛሬ ይነሳል።

እኔን ግን የያዘኝ ክሱ አይደለም። እንዲያውም ሁሉንም አልወድላቸውም። በ1997 በለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ላይ የሠሩት አልበም ለምሳሌ፣ አንዱን ቀልድ ደጋግሞ እንደሚያወራ አጎት ነው የሚሆንብኝ። የያዘኝ የሬዲዮ ፕሮግራማቸው ነው። ዶን ጆይስ የሚባል አባላቸው ከ1981 ጀምሮ በርክሌይ ከተማ ካለ ጣቢያ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ለሰዓታት፣ እስኪሞት ድረስ በ2015፣ ድምፅ ሲያዋህድ ኖረ። አድማጭ ሲደውል «ሄሎ ማን ልበል፣ ከየት ነው?» የለም። ቀጥታ አየር ላይ ይለቀዋል። ደዋዩ ከፈለገ ያወራል፣ ከፈለገ ያፏጫል፣ ጆይስ ከሥሩ ሌላ ነገር ያነጥፍለታል። ፕሮግራሞቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፤ ደሴ ጭጋግ የወረደ ቀን፣ የጦሳ ተራራ ራሱ በማይታይበት ሰዓት፣ ሱቅ ቁጭ ብዬ ስሰማው የማልጠግበው ነገር ነው። ጓደኞቼ ሙዱ አይገባቸውም። አንዱማ «ጤና የለህም» ብሎ ገላግሎኛል።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ቤታችን ባለ አንድ ካሴት የተነሳ።

አክስቴ ጅዳ ነበረች። ያኔ የወሎ ሰው ዓረብ አገር ላለ ዘመዱ ደብዳቤ በካሴት ነበር የሚልከው፣ የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር። እናቴ የአባቴን የዘፈን ካሴት አንስታ፣ እንዳይቀዳበት የተሰበሩትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ደፍና፣ ዘፈኑ ላይ ቀዳችበት። (አባቴ እስከ ዛሬ ያነሳዋል።) አክስቴ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛው መጣች።

ካሴቱ ላይ መጀመሪያ የእናቴ ጉሮሮ ጠረጋ አለ። ቀጥሎ ሰላምታ፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የላክሽው ብር ደርሷል። ከጀርባ ሙቀጫ አለ፣ ቡና እየተወቀጠ ነው፣ ዱም ዱም ይላል ሳያቋርጥ። አዛን ይገባል፤ እናቴ ዝም ትላለች፣ ቀረጻው ግን አይቆምም፣ አዛኑ ሙሉውን ይቀዳል። ከዚያ አያቴን ይጠሯታል። አያቴ ቴፕ ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ስልክ ነው የመሰላት። «ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» ትልና ዝም። መልስ እየጠበቀች ነው። ሙቀጫው ብቻ ይሰማል። «አልሃምዱሊላህ» ትላለች እንደገና፣ የተመለሰላት ይመስል። «አብሽሪ፣ እኛ ደህና ነን፣ አንቺስ?» ዝም። ከኋላ የሰው ሳቅ ይሰማል፣ እናቴ ሳትሆን አትቀርም። አያቴ አራት ጊዜ ጠይቃ አራት ጊዜ ጠብቃለች፣ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ የደብዳቤው ወሬ ያልቃል፣ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ እና ከመሀል፣ ከግማሽ ስንኝ ላይ፣ የአባቴ ትዝታ ከነማሲንቆው ብቅ ይላል።

አክስቴ ጅዳ ሆና ስትሰማው ያስለቀሳት የእናቴ ወሬ አልነበረም። «ሙቀጫው ነው» ትላለች።

ይህን ካሴት ማንም አላቀናበረውም። ግን የጆይስን ፕሮግራም የሰማ ሰው ያ ዝምታ፣ ያ ሙቀጫ፣ ያ ትዝታ በሩን ሳያንኳኳ ሲገባ፣ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። እነዚያ ሰዎች ጆሮዬን ባይከፍቱልኝ ኖሮ ካሴቱ ለኔ «የተበላሸ» ነበር።

ነገሩ ከኛ ያን ያህል የራቀ እንዳልሆነም ልንገራችሁ። የድምፅ ቅንብር ታሪክ ሲነገር ሁሉም የሚጠራው ፈረንሳዊውን ፒዬር ሼፈርን ነው፣ በ1948 የባቡር ድምፅ ቀድቶ የሠራውን። ሀሊም ኤል-ዳብህ የሚባል ግብፃዊ ግን ከሱ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1944፣ ካይሮ ላይ የሴቶች የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ ቅንብር ሠርቶበታል። ይኸው ሰውዬ ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና ያሰባሰበውን። ዛር! ወሎ ውስጥ ዛርን ማን ያስተዋውቃል?

እሺ፣ ወደ ኔጋቲቭላንድ ልመለስ፣ አንድ ነገር ስለቀረኝ። ጆይስ ከሞተ በኋላ አስከሬኑ ተቃጠለ፤ ባንዱ በ2016 አልበም ሲያወጣ አመዱን በትንንሽ ፌስታል እያደረገ ከአልበሙ ጋር ለአድማጮቹ ሰጠ። ለእናቴ ይህን መንገር አልነበረብኝም። «አዑዙ ቢላህ» አለች፣ ቢላዋዋን አስቀምጣ። «እናት የለውም ይሄ ሰው?» ለሳምንት ያህል ያንን ነገር እቤት እንዳልከፍት ተከለከልኩ።

አሁን እኔም መቅዳት ጀምሬያለሁ፣ በስልክ። የኮምቦልቻ ሚኒባስ መናኸሪያ ቆሞ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ስድስት ሰው ሲጭን፣ ቁልቁለቱ ላይ ጆሮ ሲደፈን ሁሉም በአንዴ መጮህ ሲጀምር፣ አንድ ሼህ ከኋላ ቀስ ብለው መንዙማ ሲያንጎራጉሩ። ባለፈው ከካሴቱ ላይ የአያቴን ዝምታ ወደ ስልኬ ገልብጬ፣ የረዳቱን ድምፅ እዚያ ክፍተት ውስጥ አስገባሁት። «ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» «አንድ ሰው! አንድ ሰው!»

ለእናቴ አሰማኋት። ሳቀች፣ ሳቀችና ዝም አለች። «ረዳቱን አውጣው» አለችኝ። «ሙቀጫውን ሸፈነብኝ።»

አወጣሁት።