ለነፍሰ ጡሮች የቴሌግራም ቦት ስንሰራ ያየሁት

አዲስ አበባ ውስጥ ለነፍሰ ጡር እናቶች የጤና መረጃ የሚሰጥ የቴሌግራም ቦት (ቴሌግራም ውስጥ ለሚላክለት ጥያቄ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ሰርተናል፣ እኔ ዲዛይኑ ላይ ነበርኩ። አፕ ለምን አልሰራችሁም የሚለኝ ብዙ ነው። አፕ ለማውረድ ፓኬጅ ይበላል፣ ስልኩ ሞልቷል ይላል፣ ቴሌግራም ግን አብዛኛው ሰው ጋ አለ፣ አለቀ።

ምንም ሳልነድፍ በፊት ያደረግኩት ፋርማሲ ባንኮኒ ጥግ ቆሜ ማዳመጥ ነው (አስፈቅጄ ነው ደሞ)። ሰው መጀመሪያ እናቱን ወይ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ከዛ ፋርማሲ፣ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሲብስበት ነው። ጥያቄውም በበሽታ ስም አይመጣም። አንዷ ለደም ማነስ የተሰጣትን የአይረን ኪኒን አቁማዋለች፣ ለምን ስትባል ሰገራዋ ስለጠቆረ ደንግጣ። ያ እኮ አይረን የሚወስድ ሰው ላይ የተለመደ ነው፣ የነገራት የለም እንጂ። ደሞ የምትውጠው በቡና ሰዓት ነው፣ ቡናና ሻይ ደግሞ አይረኑ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉ። ቡና ተይ ቢባል ማን ሊሰማ፣ ስለዚህ ቦቱ የሚለው "ኪኒኑንና ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂ" ነው። ሜኑውም "የደም ማነስ" ሳይሆን "ኪኒኑን ከጀመርኩ ሰገራዬ ጠቆረ" ይላል።

መጻፍ የማይወዱ በቮይስ ይልካሉ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍም ሞልቷል፣ ራስ ምታትን ስንት አይነት አድርገው እንደሚጽፉት ብታዩ! ሁሉንም እንዲቀበል አደረግን፣ መልሱም አጭር ቮይስ አለው።

ስልኩ የራሷ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ እርግዝናዋን በመጀመሪያዎቹ ወራት ለማንም የማትናገርም ብዙ ናት፣ ስለዚህ ኖቲፊኬሽኑ ላይ "እርግዝና" የሚል ቃል አይወጣም፣ "የዛሬ መልእክት" ብቻ ነው።

ደም መፍሰስ፣ ዓይን ከማደብዘዝ ጋር ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ከተባለ ቦቱ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም፣ አሁኑኑ ጤና ተቋም ሂጂ ነው የሚለው፣ አምቡላንስ 907ንም ያሳያል።

አሁን ሁሉም ኤአይ አስገቡበት ይለናል። እኔ አልቸኩልም፣ መልሶቹን የጻፈችው ሚድዋይፍ ናት። የላብራቶሪ ውጤት ፎቶ የሚልኩም አሉ፣ እሱ ቀጥታ ለሷ ነው የሚሄደው፣ ማታ ስለማትገባ መልሱ ጠዋት እንደሚደርስ ቦቱ ወዲያው ይናገራል። ይሄን ሳናስገባ በፊት ያንኑ ፎቶ አራት አምስቴ የሚልኩ ነበሩ።