ከአርባ በኋላ ወደ ፊልም እንዴት ተመለስኩ?

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ፊልም ጀምሬ አልጨረስኩም ነበር። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እከፍታለሁ፣ ሃያ ደቂቃ አያለሁ፣ ከዚያ እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል። ፍንዳታው፣ ሩጫው፣ ዓለምን ከጥፋት የሚያድነው ጀግና፣ አንዱ ከሌላው አይለይብኝም። «ፊልም እኮ ድሮ ቀረ» እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እናገር ነበር። ኑሮን ያየ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው ፊልም በየዓመቱ እየወጣ፣ እኔ የት እንደምፈልገው አላውቅም ነበር።

የመለሰችኝ እህቴ ናት። እናታችን መርሳት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። አንድ ማታ እህቴ ደወለችና «‹ዘ ፋዘር›ን እይ፤ ግን ብቻህን እንዳታየው» አለችኝ። በ2020 የወጣ የፍሎሪያን ዜለር ፊልም ነው። አንተኒ ሆፕኪንስ በ83 ዓመቱ ኦስካር ያገኘበት። ቤቷ ሄጄ አብረን አየነው።

ስለ መርሳት የሚያወሩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ የአስታማሚውን ድካም ነው የሚያሳዩን። ይሄኛው ግን የታመመው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያስገባናል። ሽማግሌው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ግን ቤቱ ሳናስተውል ይለወጣል። ቅድም የነበረው ዕቃ አሁን የለም። ልጁ ዶሮ ልትገዛ ትወጣለች፤ ዶሮውን ይዛ የምትመለሰው ሌላ ሴት ናት። ማን ትክክል እንደሆነ እኛም ይጠፋብናል። ደግሞ ሁሌ የእጅ ሰዓቱን ይፈልጋል፤ ሰረቁኝ ይላል።

እናቴም ቦርሳዋን የምትፈልገው እንደዚሁ ነበር። «ማን ወሰደብኝ?» ስትለኝ «ኧረ እማዬ፣ ራስሽ ነሽ ያስቀመጥሽው» እያልኩ እከራከራት ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ መከራከሩን ተውኩት። አብሬያት መፈለግ ጀመርኩ። ትራሱን አነሳለሁ፣ መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ ስናገኘው ሁለታችንም ደስ ይለናል።

አንድ ፊልም ይህን ካደረገልኝ ሌሎቹስ ብዬ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ላይ አልተሳካልኝም። «ፐርፌክት ዴይስ»ን ከፈትኩ። የጀርመኑ ዳይሬክተር ዊም ቬንደርስ ቶኪዮ ላይ የሠራው ነው፤ ዋናው ተዋናይ ኮጂ ያኩሾ በ2023 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት አግኝቶበታል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳ፣ ብዙም የማይናገር ሰው ነው። ይነሳል፣ ይሠራል፣ ያነባል፣ ይተኛል። በሃያኛው ደቂቃ እንቅልፍ ጣለኝ፤ «ደባሪ ነው» ብዬ ተውኩት።

ጥፋቱ የሰዓቱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውዬ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ ዝም ያለ ፊልም ማየት አልችልም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይነሳ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ እንደገና ጀመርኩት። ሌላ ፊልም ሆነብኝ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ማንም የማያየውን የመቀመጫውን ሥር በትንሽ መስታወት እያየ ያጸዳል። ይቺን ነገር መጀመሪያ ስከፍተው አላየኋትም ነበር። መጨረሻ ላይ ሰውዬው መኪና ሲነዳ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል፤ በጣም ይቆያል። ፈገግታና እንባ በአንድ ፊት ላይ ይፈራረቃሉ። እኔም እዚያው ሶፋው ላይ አለቀስኩ።

አሁን ከበድ ያለ ፊልም የማየው ጠዋት ነው። የጃፓኑ ሃማጉቺ በ2021 የሠራው «ድራይቭ ማይ ካር» ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የተዋናዮቹ ስም ዝርዝር እንኳን የሚመጣው ፊልሙ ከተጀመረ አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። ማታ ቢሆን ኖሮ እዚያ አልደርስም። ዝግታ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ግን በሱ አትጀምሩ፤ በ2024ቱ «ኮንክሌቭ» ጀምሩ። የአዲስ የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ምርጫ ነው፤ ካርዲናሎች ወረቀት ላይ ስም ይጽፋሉ፣ እኛ ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ትሬለር ማየትም አቁሜያለሁ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ፊልም የሚጣደፍ ያስመስለዋል። በሱ ፈንታ የዳይሬክተሩን ስም እከተላለሁ፤ የካን ተሸላሚዎችንም አያለሁ። የጀስቲን ትሪዬን «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ያገኘሁት እንደዚያ ነው፤ በ2023 የካንን ትልቁን ሽልማት ያሸነፈው። ባል ከፎቅ ወድቆ ይሞታል፤ ሚስት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ከባለቤቴ ጋር ነበር ያየነው። ባልየው ከመሞቱ በፊት ከሚስቱ ጋር የተጨቃጨቁት በድምፅ ተቀርጿል፤ ችሎት ላይ ይሰማል። የሚጣሉት ጊዜዬን ወሰድሽብኝ፣ አልወሰድኩብህም በሚል ነገር ነው። ጭቅጭቁ ወደ ድብድብ ሲያመራ ምስሉ ወደ ችሎቱ ይመለሳል፤ ድምፁን ብቻ እንሰማለን። እኔና ባለቤቴ አልተያየንም። በማግስቱ መኪና ውስጥ ግን፣ ከዓመታት በፊት ማን ለማን ሲል ሥራውን እንደተወ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አወራን። ገደለችው ወይስ አልገደለችውም የሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

«ፓስት ላይቭስ»ንም አብረን ነው ያየነው፤ 2023 ነው፣ የሴሊን ሶንግ የመጀመሪያ ፊልም። በ12 ዓመቷ ከኮሪያ የወጣች ሴት የልጅነት ጓደኛዋን ከ24 ዓመት በኋላ በአካል ታገኘዋለች። አሁን ባል አላት። ባልየው ክፉ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ግን ደግ ሰው ነው። በሃያ ዓመቴ ብሆን ማን እንደሚሻላት እመርጥላት ነበር። አሁን ለሦስቱም ልቤ ተነካ።

ሰብታይትል ያታክተኛል የምትሉ፣ እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን ማንበቡ ዓይኔን ከስልኩ ያርቅልኛል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ታገሱት፣ ከዚያ ይረሳል።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ እኛ ጋ አድራ ነበር። እኔ ሳልሰማት ተነስታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ፐርፌክት ዴይስ»ን ለሦስተኛ ጊዜ ከፍቼው ነበር። ታሪኩን አልጠየቀችኝም። ሰውዬው ጠዋት ተነስቶ ትንንሾቹን ችግኞች ውሃ ሲረጫቸው ግን ጎንበስ ብላ አየች።

«ጎበዝ» አለችው። «ፀሐይ ሳይወጣ ነው የሚጠጣው።»